ያልጠጣችው ጠጅ

በአንዲት የጎጃም ከተማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጭር ባለ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፤ ጠጅ ጣይዋ አንጓች በዱላ ተደግፋ ቆማለች፣ የነፍስ አባቷ መምሬ ይኄይስ ከአጥሩ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

አንጓች፦ አልልም! ገደል ግቢ ቢሉኝ እገባለሁ፤ "ጠጥቻለሁ" በይ ቢሉኝ ግን አልልም።

መምሬ፦ እኔም ሳትዪ አልፈታሽም። ግዝት የበግ ገመድ መሰለሽ እንዴ፣ ሲያሻሽ የሚታሰር ሲያሻሽ የሚፈታ? መጀመሪያ መናዘዝ አለ፣ ከዚያ ቀኖና አለ፣ መፈታት ከዚያ በኋላ ነው።

አንጓች፦ በግራ ጆሮዬ በኩል ይናገሩ አባ፤ የቀኙ ከተዘጋ ቆየ።

መምሬ፦ ሳትናዘዢ አልፈታሽም አልሁ!

አንጓች፦ አሁን ሰማሁ። ገበያ ያለውም ሰው ሰማ።

መምሬ፦ እኔስ ምን ላድርግ? በጆሮ ሹክ የሚባለውን ነገር እንደ አዋጅ ታስጮኺኛለሽ። የአንቺን ንስሐ የማያውቅ ውሻ እንኳ እዚህ አገር የለም።

አንጓች፦ ግዝቱን ሲጥሉብኝስ ሹክ ብለው ነበር? በንግሥ ቀን፣ ሕዝቡ ቅጥሩን ሞልቶ ሳለ፣ "አንጓች ከዛሬ ወዲያ ጠጅ ብትቀምስ፣ ቀምሳም ሳለ አብሯት የበላ፣ አብሯት የጠጣ፣ ከቤቷ የገባ ቢኖር፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል ገዝቻለሁ" አሉ። ያን ጊዜ ጆሮዬ ገና ይሰማ ነበር። አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።

መምሬ፦ እንድትድኚ ብዬ ነዋ።

አንጓች፦ ይኸው ዳንሁልዎ። አያዩኝም?

መምሬ፦ ማየቱንማ አየሁሽ። ከበሩ እስከዚህ ስትመጪ ሁለቴ አጥር ተደገፍሽ፣ አንዴ ከሰው መቃብር ላይ ልትደፊ ምንም አልቀረሽ። ደግሞ ቀረብ ሲሉሽ ጠጅ ጠጅ ትሸቻለሽ።

አንጓች፦ ጠጅ ጣይ ታዲያ ምን ልሽተት፣ ሽቶ? ዕድሜዬን ሙሉ ማርና ጌሾ ሳማስል የኖርሁ ሴት ነኝ። ቀሚሴም ይሸታል፣ ፍራሼም ይሸታል አሉ። አሉ ነው የምልዎ፤ እኔንማ ምኑም አይሸተኝ።

መምሬ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ልጄ። አውጪውና ይለፍልሽ።

አንጓች፦ አውጪው ካሉ ይኸው አውጥቼ ይዤልዎት መጣሁ። እንኩ፣ ይህን ይያዙ። ወደ ፀሐይ ያንሡት።

መምሬ፦ ምንድን ነው ይሄ ላስቲክ?

አንጓች፦ ራሴ ነው።

መምሬ፦ በስመ አብ!

አንጓች፦ አይጣሉት፣ አይናከስም። ባሕር ዳር ኤም አር አይ የሚሉት መሣሪያ አለ። እንደ ሬሳ አጋድመው፣ "እንዳትነቃነቂ" ብለው፣ ጉድጓድ የመሰለ ነገር ውስጥ ከተቱኝ። ሲንኳኳ ሲንኳኳ ቆይቶ ይህን አወጣ። ሰው ሁሉ ጩኸቱ ያስፈራል ይላል፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ስንት ጊዜዬ፣ እንዲያ ጥርት አድርጌ ድምፅ ከሰማሁ።

መምሬ፦ እና ይሄ የተጨማደደው አንጎልሽ ነው?

አንጓች፦ ነዋ።

መምሬ፦ እኔስ ያለሽም አይመስለኝ ነበር።

አንጓች፦ ያጣሁት ባል ነው እንጂ አንጎልስ አላጣሁም። ይልቅ ዳር ዳሩን ይዩልኝ። በከሰል የተሰመረ አይመስልም?

መምሬ፦ አዎን። ጥቁር ነው።

አንጓች፦ ደም ነው እሱ።

መምሬ፦ የምን ጥቁር ደም አለ ደግሞ?

አንጓች፦ የቆየ ደም። ኢሱዙው የተገለበጠ ጊዜ ትዝ ይልዎታል? ማር ጭነን ስንመጣ፣ ይመኙሻል ልጄ ገና ተማሪ ሳለች?

መምሬ፦ እንዴት ይረሳኛል! ሰው ሞታለች ብሎ ሊያለቅስልሽ ሲሮጥ፣ አንቺ ከመኪናው ሥር ወጥተሽ ማር ከመንገድ ላይ ስትዝቂ ተገኘሽ አይደል? "በእግዜር ቸርነት አንድ ክንዷን ደነዘዛት እንጂ ምንም አልነካት" ብዬ እኔው ነኝ ያስጨበጨብሁልሽ።

አንጓች፦ ለካ ነክቶኝ ነበር። ከጀርባ አጥንት ውስጥ ያለ አንድ ስስ ሽፋን አለ አሉ፣ እሱ ተቀዷል። ሕመም የለው፣ ቁስል የለው፣ ማን ይወቀው? ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያች ቅዳጅ በኩል ደም ጠብ ይላል። ትንሽ ናት፣ ጠብታ። ጋን ሲነቃ እንዴት እንደሚያዥ ያውቁ የለ፤ ላዩን ሲያዩት ደህና ነው፣ ሥሩ ያለው መሬት ግን እየጠቆረ ይሄዳል። እንደዚያ ነው። አንጎል የተቀመጠበት ውኃ አለ፤ ደሙ እዚያ ይገባል። ደም ደግሞ ብረት አለበት። ደሙ ሲሄድ ብረቱ ይቀራል፣ አንጎል ላይ ይለጠፋል፣ ይዝጋል። መጀመሪያ የሽታን ጅማት በላብኝ። ቀጥሎ የጆሮን። ቀጥሎ ሰው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚያደርገውን።

መምሬ፦ እና የሚያንገዳግድሽ...

አንጓች፦ ዝገት ነው፣ አባ። ዝገት!

መምሬ፦ ጉድ ነው። እንዲህ ያለ በሽታ ሰምቼም አላውቅ።

አንጓች፦ ሐኪሙም በትምህርት ቤት እንጂ በሰው ላይ አላየሁትም ነው ያለኝ። ሌሎቹን ሐኪሞች ጠርቶ "ኑ እይዋት፣ ይህ ብርቅ ነገር ነው" እያለ ዙሪያዬን ቆሙ። ወጣት ሳለሁ ብርቅ ያለኝ አልነበረም፤ አሁን ጥርሴ ሲረግፍ ብርቅ ሆንሁ።

መምሬ፦ ሐኪም ደግሞ አንዳንዴ ያልሆነውን ነው ይላል። የእኔን ወገብ አንዱ ኩላሊት ነው አለ፣ አንዱ ብርድ ነው አለ፣ አንዱ እርጅና ነው አለ።

አንጓች፦ ሦስቱም እውነታቸውን ነው።

መምሬ፦ አታሹፊ!

አንጓች፦ ላልቅስ እንግዲያ? ልቅሶው እንደሆነ አለ፣ የትም አይሄድ። "ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል" እያላችሁ ስታሙኝ ኖራችሁ፤ የእኔን የውስጥ ነገር ብቅል ሳይሆን መሣሪያ አወጣው። ይኸው ከእጅዎ ላይ ነው። ይፍቱኝ።

መምሬ፦ መልካም። ታመሻል፣ አመንሁ። ታዲያ የታመመ ሰው አይጠጣም ያለው ማነው? መታመሙም ይኖራል፣ መጠጣቱም ይኖራል።

አንጓች፦ ሁለቱንም?

መምሬ፦ ሁለቱንም። የጠጅ ቤት ያላት ሴት፣ ጋን ለጋን ስትዞር የምትውል፣ በዚህ ሁሉ ዓመት አንዲት ጉንጭ አልቀመስሁም ብትል ማን ያምናል? ጠጅ ጣይ ሳትቀምስ ለእንግዳ ትቀዳለች? እኔስ ሳትቀምሺ ብታቀርቢልኝ እጠጣለሁ?

አንጓች፦ እሱን ነው የምልዎ! ከግዝቱ በኋላ እንግዳ "ቅመሺልን" ባለኝ ቁጥር ምን እንደሆንሁ ያውቃሉ? ጠጄን በእጄ ቀድቼ፣ በጎረቤት አፍ አስቀምሼ አቀረብሁ። "አንጓች የራሷን ጠጅ ተጠየፈች፣ የሆነ ነገር ጨምራበታለች" ተባልሁ። ደንበኛ ሸሽቶ ቤቴ የቀብር ቤት መሰለ። ሰካራምም ተባልሁ፣ መርዝ አብሳይም ተባልሁ። አንዱን እንኳ ይምረጡልኝ፤ ሰካራም ከሆንሁ ልጠጣው፣ መርዝ ከሆነ ልሙትበት!

መምሬ፦ ቀስ በይ፣ ትወድቂያለሽ። ተቀመጪ።

አንጓች፦ ከተቀመጥሁ የሚያነሣኝ አላገኝም።

መምሬ፦ እኔ አነሣሻለሁ፣ ተቀመጪ አልሁሽ... ይኸው። ምነው እንዲህ ቀለልሽ? ቅጠል ሆነሻል'ኮ።

አንጓች፦ እኔስ ቀለልሁ፣ ነገሬ ነው የከበደ።

መምሬ፦ ቆይ፣ ይህ በሽታ አለብሽ ከተባለ፣ መቼም በአንድ ቀን አልተነሣም። ለምን ቀደም ብለሽ አልሄድሽም? ሳይቃጠል በቅጠል ነበር እንጂ።

አንጓች፦ እሱን እርስዎ ይጠይቁኛል?

መምሬ፦ ማን ይጠይቅሽ ታዲያ?

አንጓች፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ገና እግሬ ሳይዝል፣ ገና ጆሮዬ ወፍ ሲሰማ፣ በጾመ ነቢያት ለንስሐ መጥቼ ምን አልሁዎ?

መምሬ፦ ስንት ሰው ስንት ነገር ይለኛል። አላስታውስም።

አንጓች፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። "አባ፣ ቅዳሴ ቆሜ ዕጣኑ አይሸተኝም፤ ጋን በወይራ ሳጥን ጭሱ አይሸተኝም፤ ጠጁ ላይ ጭስ እያበዛሁ ደንበኛ ተቆጣኝ" አልሁዎ። ምን አሉኝ?

መምሬ፦ አልሰማሁሽም።

አንጓች፦ የቱ ጆሮ ነው የማይሰማው፣ የእኔ ነው የእርስዎ? "ኃጢአት አፍንጫሽን ደፍኖታል" አሉኝ። "ጠጅ ሻጭ ስለሆንሽ ጸጋው ሸሸሽ" አሉኝ። ስግደት ሰጡኝ። ሰገድሁ። ስሰግድ ወደቅሁ። ስወድቅ "ይኸው ጠጥታ ነው" ተባለ።

መምሬ፦ ያኔ እኔ ምን ልበል? ሰው ከስግደት መሐል ሲወድቅ አይቼ አላውቅ። ያውም በማኅሌት፣ በጭለማ።

አንጓች፦ በጭለማማ ይብስብኛል። ዓይኔ መሬቱን ካላየ እግሬ አያውቀውም።

መምሬ፦ ሌላም ቦታ ትሄጂ የለ። ጤና ጣቢያ አለ።

አንጓች፦ ሄድሁ። ለጆሮዬ ጠብታ ሰጡኝ፣ ለእግሬ ቫይታሚን ሰጡኝ፣ "አልኮል ትወስጃለሽ?" አሉኝ። "የለም" ስል ሳቁ። ቤቴን ያውቁታላ። ከዚያ እርስዎ ጠበል ገብታ ትክረም አሉ።

መምሬ፦ ጠበል ያድናል!

አንጓች፦ አያድንም አልሁ? ጠበሉን አልጠላሁም። የጠላሁት ውኃ እያፈሰሱ "የመጠጥ መንፈስ ሆይ፣ ልቀቅ!" ሲሉኝ ነው። ያልያዘኝ እንዴት አድርጎ ይለቀኛል? "ጮኸሽ ውጣ በይው" ይሉኛል። ምኑን ላስወጣው? በመጨረሻ እንዲተዉኝ ብዬ ጮኽሁ። እልል ተባለ። በነጋታው ደግሞ ተንገዳገድሁ፤ "ተመለሰባት" ተባለ።

መምሬ፦ እግዚኦ...

አንጓች፦ ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ልንገርዎ? "መጀመሪያ ምን ሆንሽ?" አለኝ። ሽታ ጠፋብኝ አልሁት። እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። "ያኔ መጥተሽ ቢሆን፣ ቅዳጇ ትሰፋ ነበር፣ ጆሮሽም ባልሄደ፣ እግርሽም ባልሄደ። ለመሆኑ ያኔ ለማን ነገርሽ?" አለኝ።

መምሬ፦ ምን አልሽው?

አንጓች፦ የእርስዎን ስም ከዚያ ቤት ማንሣት አፈርሁ።

መምሬ፦ አንጓች፣ ስሚኝ። እኔ ቄስ ነኝ፤ ያውም የገጠር ቄስ። ዳዊት ደገምሁ እንጂ መርፌ አልያዝሁ። ከየት አምጥቼ ልወቀው? ሐኪሙ እንኳ በመጽሐፍ እንጂ በሰው አላየሁትም ያለውን?

አንጓች፦ ባለማወቅዎ አይደለም የማዝንብዎ። ሳያውቁ በማወቅዎ ነው። "እኔ እንጃ፣ እስቲ ሐኪም ይይሽ" ማለት ምን ያህል ይከብድ ነበር? አንድ "እንጃ" ነበር የፈለግሁት።

መምሬ፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ልጄ።

አንጓች፦ የእኔስ ነግቶ መሸ፣ አባ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

መምሬ፦ እንግዲህ አሁን ምን ይሁን? መቼ ነው የምትሄጂው?

አንጓች፦ ነገ ማለዳ። የእኅቴ ልጅ መኪና ይዞ መጥቶ አዲስ አበባ ያደርሰኛል። ጀርባዬን ከፍተው ቅዳጇን ሊሰፉ ነው።

መምሬ፦ ከዚያ ትድኛለሽ።

አንጓች፦ አልድንም።

መምሬ፦ አታሟርቺ!

አንጓች፦ ሟርት አይደለም፤ የተነገረኝን ነው። ደሙ ቢቆም ይቆማል። የዛገው አይፋቅም፣ የሄደው አይመለስም። ይህቺ ግራ ጆሮዬም ዝገት ጀምሯታል፣ ብዙ አትቆይም ብሎኛል። ቢሳካም አልጋ ላይ ከመቅረት ትድኚ ይሆናል እንጂ ደህና መራመዱን ተስፋ አታድርጊ አለኝ። ከዚያም ቢላዋ ነው፤ ከሥሩ የማይነሣም አለ።

መምሬ፦ ታዲያ ምኑን ብለሽ ትሄጃለሽ?

አንጓች፦ የባሰ እንዳይመጣ ነዋ። ድሃ ሰው ለመዳን ብቻ ይታከማል እንዴ? ላለመባስም ይታከማል።

መምሬ፦ ይህን ሁሉ ካወቅሽ፣ የእኔ መፍታት ምን ይጠቅምሻል? ለቁርባን ነው?

አንጓች፦ ቁርባኑንም እወዳለሁ። ግን አልዋሽዎትም፣ ዋናው እሱ አይደለም። ይመኙሻል ናት።

መምሬ፦ ልጅሽ።

አንጓች፦ አንድ ልጄ። እርስዎ ከገዘቱ ወዲህ ቤቴን ረግጣ አታውቅም። ከመንገድ ስታየኝ ከሩቅ ሰላምታ ሰጥታ ታልፋለች። ልጅ ወለደች፤ ክርስትናውን ከዚህ አጥር ውጭ ቆሜ፣ በቀዳዳ አየሁ። ነጭ ለብሶ ነበር። አፉን ከፍቶ ሲያለቅስ አየሁት። አየሁት እንጂ አልሰማሁትም። እስካሁን የልጅ ልጄን ድምፅ አላውቀውም፣ አባ። ወፍራም ነው? ቀጭን ነው? እናቱ በሕፃንነቷ ድምፀ ጎርናና ነበረች።

መምሬ፦ ልጁስ ጯሂ ነው። ሲጠመቅ ጆሮዬን ነው የበሳኝ።

አንጓች፦ ይጩኽልኝ! እዚህ፣ እዚህች ግራ ጆሮዬ ላይ አፉን አድርጎ ይጩኽልኝ። ይህቺ ጆሮ ሳትዘጋ አንድ ጊዜ ልስማው፣ ከዚያ ትዘጋ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ቢላዋውንም አልፈራው።

መምሬ፦ ለይመኙሻል ይህን ሁሉ አልነገርሻትም? ይህን ላስቲክ አላሳየሻትም?

አንጓች፦ በሰው ላክሁባት። "ሐኪም ያላትን አላውቅም፣ እኔ የማውቀው መምሬ ያሉኝን ነው" አለች። በእርስዎ ቃል ነው ያደገችው። ሰው የነገራትን አትሰማም፣ እርስዎ ያሉትን አትረሳም።

መምሬ፦ አንጓች...

አንጓች፦ ምን?

መምሬ፦ አንድ ነገር አለ። እንዳትቀየሚ።

አንጓች፦ ከዚህ ወዲያ መቀየሚያም የለኝ።

መምሬ፦ ያኔ... ግዝቱን ያሰበው እኔ አይደለሁም። ይመኙሻል ናት መጥታ እግሬ ላይ ወድቃ ያለቀሰችው። "እናቴ ልትሞትብኝ ነው፣ ተንገዳግዳ እሳት ውስጥ ልትገባብኝ ነው፣ ይገዝቱልኝ" ብላ።

አንጓች፦ ልጄ?

መምሬ፦ ሰማሽኝ?

አንጓች፦ ሰማሁ። ይህቺ ጆሮ ያንን እንኳ ሳትሰማ ብትዘጋ ምናለ።

መምሬ፦ ከክፋት አልነበረም።

አንጓች፦ አውቃለሁ። ፈርታልኝ ነው። ማንም ሳያየኝ በፊት መታመሜን ያየችው እሷ ናት ማለት ነው። ልጄ አይታኝ ነበር፣ አባ! ወደ ሐኪም ልትወስደኝ ትችል የነበረችው እሷ ነበረች። እግሯ ወደ እርስዎ መራት እንጂ።

መምሬ፦ ትናንትም መጥታ ነበር።

አንጓች፦ ማን? ይመኙሻል?

መምሬ፦ ሕፃኑን አዝላ። እልክ ስትል ኖራ፣ የቢላዋውን ነገር ስትሰማ አንጀቷ አልቻለም። "መምሬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ አልጠጣችም ካሉኝ አሁኑኑ ልጄን ይዤ እናቴ ጋ እሄዳለሁ፤ ጠጥታለች ካሉኝ ግን ግዝት ጥሼ ልጄን አላስፈጅም" አለች።

አንጓች፦ ምን አሏት?

መምሬ፦ "ነገ እናትሽን ጠይቄ ማታ ቤትሽ መጥቼ እነግርሻለሁ" አልኋት። እየጠበቀችኝ ነው።

አንጓች፦ እህ! ለዚህ ነው ከጥዋት ጀምሮ ሰው የላኩብኝ። ለዚህ ነው "በይ፣ በይ" የሚሉኝ።

መምሬ፦ ለእርቅ ብዬ ነበር። "አጠፋሁ፣ ጠጣሁ" ብትዪ፣ "እናትሽ ተናዛለች፣ ይቅር በያት" እላታለሁ ብዬ ነበር። እንዲያ ቢሆን እኔም ከነቃሌ፣ አንቺም ከነልጅሽ እንሆን ነበር።

አንጓች፦ የእርስዎ ቃል እንዳይሰበር እኔ ልሰበር?

መምሬ፦ አይሆንም። አየሁት፣ አይሆንም። ይህን ጥቁር ነገር በዓይኔ ካየሁ በኋላ ምን ብዬ ከመቅደስ እገባለሁ? በስሕተት የታሰረ መታሰሩም ስሕተት ነው። በይ ጎንበስ በዪ። አልጠጣሽም። ልፍታሽና ቀጥ ብዬ ከልጅሽ ቤት እሄዳለሁ። "እኔ ነኝ የተሳሳትሁት፣ እናትሽ ጠጅ በአፏ አልዞረም" እላታለሁ። በሰንበትም ሕዝቡ ፊት እደግመዋለሁ። ያዋርደኝ እንደሆነ ያዋርደኝ። ጎንበስ በዪ እንጂ!

አንጓች፦ ቆዩ።

መምሬ፦ አሁን ደግሞ ምን?

አንጓች፦ ዛሬ ጠጥቻለሁ።

መምሬ፦ ምን አልሽ?

አንጓች፦ ዛሬ ጠጥቻለሁ። እዚህ ከመምጣቴ በፊት፣ ምሳ ሰዓት ላይ። ከቀረኝ አንድ ጋን ቀዳሁና በብርሌ፣ ሙሉውን።

መምሬ፦ ትቀልጃለሽ።

አንጓች፦ አልቀልድም።

መምሬ፦ እንዴት! ይህን ሁሉ ዓመት ችለሽ፣ ዛሬ? በዛሬዋ ቀን?

አንጓች፦ ቤቴን ስዘጋ ጋኑን አየሁት። ይህን ሁሉ ዓመት ስሙን ተሸክሜ ዞርሁ። ልጄን ወሰደብኝ፣ ሰዉን ወሰደብኝ። ነገ ቢላዋ ሥር እተኛለሁ። ታዲያ የተፈረደብኝን ነገር ሳልቀምሰው ልሙት? አልሁና ጠጣሁ።

መምሬ፦ ወይኔ፣ ወይኔ አንጓች! ለመሆኑ ጣፈጠሽ?

አንጓች፦ ምኑም። ሽታ የሌለው ሰው ምን ይጣፍጠዋል? ሙልጭ ያለ ውኃ ነው። ጋኑን አቅፌ አለቀስሁ። ለዚህ ነው እንዴ ያ ሁሉ አልሁ።

መምሬ፦ ማን አየሽ?

አንጓች፦ ማንም።

መምሬ፦ ታዲያ ምን ብለሽ ነገርሽኝ? አፍሽን ዘግተሽ ብትፈቺ ምን ነበረበት? ልፈታሽ እጄን አንሥቼ!

አንጓች፦ ዛሬ በውሸት ከተፈታሁ፣ ያ ሁሉ ዓመት አልጠጣሁም ያልሁትስ ምን ይሆናል? እሱም ውሸት ይሆናል። ያለኝ እሱ ብቻ ነው፣ አባ። ሌላውን ዝገት በልቶታል።

መምሬ፦ አየሽ፣ አሁን ግዝቱ በእውነት ፈረሰ። ቀኖና ልሰጥሽ ነው፤ ቀኖናሽን ሳትፈጽሚ አንቺ ነገ ትሄጃለሽ። ልጅቱ ደግሞ ማታ ምን ልበላት? ጠጥታለች ልበላት? ቆይ... ቆይ እስቲ። ይህን የነገርሽኝ በንስሐ ነው፣ አይደል? በንስሐ ከሆነ ከእኔና ከእግዜር አይወጣም። ለልጅሽም፣ ለማንም ልናገረው አልችልም። አንዲት ቃል ናት። በንስሐ ነው በዪኝ፣ አንጓች። በሞቴ! ልለምንሽ፣ በንስሐ ነው በዪኝ።

አንጓች፦ አልልም። በንስሐ የነገርሁዎንማ አላመኑኝም። ይህን እንዲያው እንደ ጎረቤት ነው የነገርሁዎ፤ ይመኙሻል ስትጠይቅዎ ይንገሯት።